ላይሸጥ፣ ላይለውጥ

ጋሽ ግዛቸውን ዊንጌት አካባቢ ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብል ውሸት ይሆንብኛል። ላዳውን ግን ሁሉም ያውቃታል። በእግሩ ሲሄድ ያገኘው ሰው ሰላም ሳይለው ሊያልፍ ይችላል፤ መሪ ጨብጦ ሲያየው ግን ከመንገድ ማዶም ቢሆን እጁን ያነሳለታል። ይህን ነገር እሱም ያውቀዋል፣ ደስም ይለዋል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ላዳዋ ውስጥ የሚቀመጠው አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም አድርጎ ነው፣ ከመኪናው ወርዶም አንገቱ እንደዚያው ይቆያል። «አንቱ» ያሉት እንደሆነ ይቆጣል። የኛ ሰፈር ታክሲ ነጂዎች አንቱታ አይወዱም፤ ስለዚህ እዚህም «እሱ» እያልኩ ብጽፍ ንቄው እንዳይመስላችሁ።

እኔ ሔለን እባላለሁ። ሱቄ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት ናት፤ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ በኮምፒውተር እጽፋለሁ፣ የትምህርት ማስረጃ ላሚኔት አደርጋለሁ። ከኔ በፊት አባቴ እዚችው ሱቅ ውስጥ በታይፕ ማመልከቻና ውል ይጽፍ ነበር። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። በምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ ያለ ቦታዋ ተጽፋለች፣ ሁለቱም ጊዜ የወጣችው ከዚችው ሱቅ ነው። አንዴ አባቴ ጻፋት፣ አንዴ እኔ።

ላዳዋ መጀመሪያ የጋሽ ቶለሳ ነበረች። ጋሽ ቶለሳ ከእንጦጦ ማዶ ካሉት ኮረብታዎች ወርዶ ቀጨኔ የገባ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ሲደረድር የኖረ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ነድቷታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ሲታመም መሪውን ለጋሽ ግዛቸው ሰጠው፤ ጋሽ ግዛቸው ያኔ የሰው ሚኒባስ እየነዳ በየሳምንቱ ከሚኒባሱ ባለቤት ጋር ይጣላ ነበር። ጋሽ ቶለሳ ሲያርፍ ደላሎች የባለቤቱን የእትዬ ገበያነሽን በር ማንኳኳት ጀመሩ። እትዬ ገበያነሽ ግን የደላሎቹን ዋጋ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ላዳዋን ለጋሽ ግዛቸው ባለው ልክ ሰጡት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ መኪናዋ ከእጁ እንዳትወጣ።

አባቴ ያንን ውል ጻፈ። እኔ ያኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር፣ ትዝ ይለኛል። «ገዢ ይህችን መኪና ላይሸጥ፣ ላይለውጥ፣ ሻጭንም ወደሚያስፈልጋቸው ቦታ ሊያደርስ ተስማምቷል» ይላል። አባቴ እንዲህ ያለ ውል እንደማይጻፍ፣ የትም ቢሄዱበት እንደማያስኬድ ነግሯቸው ነበር። ሁለቱም አልሰሙትም። ጋሽ ግዛቸው ወረቀቷን አጣጥፎ መዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ከተታት፤ እትዬ ገበያነሽም የራሳቸውን ቅጂ መሳቢያቸው ውስጥ አኖሩ።

ዘጠኝ ዓመት ውሉን ጠበቀ፤ መመስከር እችላለሁ። በየሐሙሱ እትዬ ገበያነሽን ለጉልበታቸው ሕክምና ይወስዳቸዋል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል፣ ሳንቲም አይቀበልም። ላዳዋም እንደ ጋሽ ቶለሳ ጊዜ ሆና ቀጠለች። የቀጨኔን ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፣ ከበድ ያለ ሰው ከጫነች ወጣቶቹ ወርደው ይሄዳሉ። አራት በር አላት፣ የመስኮት ማዞሪያ እጀታዋ ግን አንድ ብቻ ነው። ተሳፋሪ «ሞቀኝ» ሲል ጋሽ ግዛቸው ዞር ሳይል ከፊት መሳቢያው እጀታውን አውጥቶ ወደ ኋላ ያቀብላል፤ ሰውዬው በሩ ላይ ካለችው ጥርስ ጋር ይገጥመውና አዙሮ መስኮቱን ይከፍታል፣ ከዚያ ይመልሳል። ሌሎቹን ሦስቱን ለምን እንደማይገዛ ብጠይቀው ጋሽ ቶለሳ በዚሁ አንድ እጀታ ሠላሳ ዓመት እንደሠራ ነገረኝ። መልስ ይመስል።

ነገሩ የተበላሸው በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ከበዙ በኋላ ነው። ጋሽ ግዛቸው ከጠዋት እስከ ቀትር ተራ ይዞ ይቆማል፤ ሰዉ በአጠገቡ እያለፈ ስልኩ ላይ ካርታ እያየ ሌላ መኪና ይጠብቃል። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ በሩን ከፍታ ወንበሩን አየችና «ይቺ ትደርሳለች?» ብላ ጠይቃው ዘጋችው። ጋሽ ግዛቸው ቀኑን ሙሉ ምሳ አልበላም። ሱቄ መጥቶ ሦስት ጊዜ ያንኑ ነገረኝ። «ትሄዳለች ወይ ብትል ይሻል ነበር» አለ። «ትደርሳለች ወይ አለች እኮ!»

ሸጎሌ ጋራዥ ያለው በዳሳ የሚባል ባለሙያ የገባው ያን ጊዜ ነው። በዳሳ ላሜራም ይቀጠቅጣል፣ ሞተርም ያወርዳል፣ ከሁሉ በላይ ግን ያወራል። ላዳዋ ሞዲፋይ ብትደረግ፣ ማለትም ዕቃዋ ሁሉ በአዲስ ቢተካ፣ ሌላ መኪና ትሆናለች ብሎ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየው። ጋሽ ግዛቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩን ሁሉ መጠየቅ ያዘ፤ ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል ማውጣት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? የሚጠይቀው ግን መልስ ለመስማት አልነበረም። እኔ አያዋጣም አልኩት፤ ብሩን ውሃ ይበላዋል፣ ይልቅ ጣራህን ሥራ አልኩት። እውነቴን ነበር። ብሩ ባለቤቱ ውባለም ለጣራ ቆርቆሮ ብላ ለሦስት ዓመት ያጠራቀመችው ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሳሎናቸው ውስጥ ሳፋ ይደረደራል። ጋሽ ግዛቸው እኔን አዳምጦ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ አመስግኖ፣ በቀጥታ ወደ ሸጎሌ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሞተሩ ወጥቶ ከተጋጨች ኮሮላ የተፈታ ሞተር ገባ። ወንበሮቹ ተነቅለው ሌላ ቆዳ ለበሱ፣ ቸርኬዎቹ ተቀየሩ፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ጠፋ፣ መስኮቶቹ ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚከፈቱ ሆኑ። ቀለሟ ግን ያው ሰማያዊና ነጭ ነው፤ የታክሲ ቀለም አይነካም። በዚህ ሁሉ ጊዜ እትዬ ገበያነሽን መኪናዋ ጋራዥ ናት ብቻ ነበር ያላቸው። ሊያስደስታቸው ፈልጎ ነው። ጉልበታቸው በዚያ ጠንካራ ወንበር ሲሰቃይ ዘጠኝ ዓመት ስላየ፣ መጀመሪያ የሚያስቀምጥበት ሰው እሳቸው እንዲሆኑ ነበር ሐሳቡ።

ቅዳሜ ከሸጎሌ ይዟት ሲመጣ እኔ ራሴ አላወቅኋትም። ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ ድምፅ የላትም፣ የማን ናት ብዬ አንገቴን ሳወጣ ጋሽ ግዛቸው ወረደ። ፊቱ ያበራ ነበር። ሞተሯን አስነስቶ «ስሚ» አለኝ፤ አዳመጥኩ፣ ምንም አይሰማም። «አዎ፣ ምንም አይሰማም» አለ በኩራት።

ከዚያ የምስጋና ወረቀት እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚያመሰግንበት ነገር ሲኖረው በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ እሁድ መድረክ ላይ ይነበባል። የጋሽ ግዛቸው የእጅ ጽሑፍ አይነበብም። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፤ በትልቅ ፊደል አትሜ ሰጠሁት። «ጌታ መኪናዬን ስለለወጠልኝ አመሰግናለሁ። ወንድም ግዛቸው።» ስጽፈው ምንም አልታየኝም። ጌታ ለወጠኝ፣ ሕይወቴን ለወጠው፣ ትዳሬን ለወጠው እየተባለ በየሳምንቱ የሚነበብ ነገር ነው፤ ለኔ ጆሮ መኪናዋም ዳነች እንደማለት ነበር። በዚያ ላይ ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር።

እሁድ አንባቢው ወረቀቷን በደማቅ ድምፅ አነበባት። ጉባኤው እልል አለ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች መንሾካሾክ ጀመሩ፤ ግዛቸው ላዳዋን በምን ለወጣት፣ ስንት ጨመረ፣ ማን ወሰዳት ይባባላሉ። ያኔ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ለካ መኪናውን ለወጠ ሲባል ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌውን ሰጥቶ ሌላ ወሰደ። ቀና ስል እትዬ ገበያነሽን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አየኋቸው። እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አድርገው ወደ መድረኩ ያዩ ነበር፤ እልል አላሉም።

ስንወጣ ጋሽ ግዛቸው ላዳዋን በሩ ላይ አቁሞ የኋላውን በር ከፍቶ ይጠብቃል። ልጆች ቸርኬውን ይነካካሉ። እትዬ ገበያነሽ ቀስ ብለው ወጡ፣ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋት። የሚያብረቀርቅ ነገር፣ የማያውቁት ወንበር፣ ድምፅ የሌለው ሞተር። ከዚያ ወደ ጋሽ ግዛቸው ዞረው «መልካም ለውጥ ያድርግልህ» አሉት።  ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሚኒባሱ ወረዱ። እሱ በሩን ከፍቶ እንደቆመ ቀረ፤ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ በራቸው ላይ ሄዶ ክላክስ ቢያደርግ የሚወጣ የለም። ጎረቤት በእግራቸው ሄደዋል አለው። የቀጨኔን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ያንን ጉልበት ይዞ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሐሙስ ማታ በዚያው እግራቸው ዳገቱን ሲወጡ ያየ ሰው ሦስት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዳረፉ ነገረን። ጋሽ ግዛቸው ይህን ሲሰማ ሱቄ ውስጥ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ ማስተካከል ጀመርን፤ ባናስተካክለው ይሻል ነበር። መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ጻፍኩ። በሚቀጥለው እሁድ አንባቢው «ባለፈው ሳምንት የተነበበው በስሕተት ነው፣ ወንድም ግዛቸው መኪናውን አልለወጠም፣ መኪናዋ ራሷ ናት የተለወጠችው» ብሎ አነበበ። ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ሽማግሌ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አሜን አሉ። እትዬ ገበያነሽ ከዘራቸውን እያዩ ነበር።

ቀጥሎ ጋሽ ግዛቸው ማስረጃ ላቅርብ አለ። ሊብሬውን፣ የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር፣ ይዞ መጣ። ሞተር ስለተቀየረ የሞተር ቁጥሩ ተሰርዞ በሌላ ተተክቷል፣ ጎኑ ላይ «የሞተር ለውጥ» የሚል ማኅተም አለበት፤ እዚህም ያችው ቃል። የሻንሲው ቁጥር ግን ያው ነው፤ መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ አካሏ ላይ የተመታው። የሊብሬውን የድሮ ቅጂ ከአባቴ ፋይል ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳደግሁት፣ ቁጥሩን በቀይ ከበብኩት፣ ላሚኔት አደረግሁት። ጋሽ ግዛቸው ያንን እንደ ዲፕሎማ ይዞ ቀጨኔ ሄደ። ሲመለስ ላሚኔቱ በእጁ ነበር።

እትዬ ገበያነሽ መነጽራቸውን አድርገው በትዕግሥት አይተውለት ኖሯል። ከዚያ ቶለሳ ሠላሳ ዓመት ሲነዳት ይህን ቁጥር አንድ ቀን እንኳ አንብቦላቸው እንደማያውቅ ነገሩት። ሻይ አጠጥተው ሸኙት።

«ሔለን፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ። «ስንት ዕቃ ሲቀየር ነው መኪና የሚለወጠው?»

አላውቅም። እስካሁንም አላውቅም። ጎማ ቢቀየር ማንም ተለወጠች አይልም። ወንበርም እንደዚያው። ሞተር ሲሆን ግን እኔም እጠራጠራለሁ። እሱ ከኔ የባሰ ተወዛግቧል፤ ጠዋት ሲነዳት የኔው ናት ይላል፣ ከሰዓት ደግሞ የሰው መኪና የሰረቀ ይመስል ዙሪያውን ያያል። ውሉን ከመዝሙር መጽሐፉ አውጥቶ «ላይለውጥ ነው የሚለው፣ እና ለውጫለሁ» ብሎ ጣቱን ቃሏ ላይ ያሳርፋል። አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ቃሏ እዚያ ምን ማለት እንደሆነች ያስረዳው ነበር። እኔ ባስረዳው ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ያዋጣል ወይ ብትሉም ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። በስልክ የሚጠሩ ሰዎች መጡለት፣ እውነት ነው። ዳገቱን ስትወጣ አታቃስትም፣ ቤንዚንም ቀንሳለች። የድሮ ደንበኞቹ ግን እጃቸውን ሳያነሱ ያልፋሉ፤ ድምፅዋን ስለማይሰሙ መምጣቷን አያውቁም፣ ቢያዩም የሱ አትመስላቸውም። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ በስማቸው ጠርቷቸው ደንግጠዋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውባለም የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወጥታ ላዳዋ ውስጥ ትቀመጣለች። ቤቱ ያፈሳል፣ መኪናዋ አታፈስም። አንድ ቀን በመስኮቱ አየኋትና ምን እየሠራች እንደሆነ ብጠይቃት ጣራዬ ሥር ተቀምጫለሁ አለችኝ። ጋሽ ግዛቸው ሰምቶ አልሳቀም።

እሱ ራሱም ከለውጡ ጋር አልተለማመደም። አንድ ወጣት ተሳፋሪ «ሙቀት ነው» ሲለው እንደ ልማዱ ዞር ሳይል ከመሳቢያው እጀታውን አውጥቶ ሰጠው። በዳሳ «ጣለው» ያለውን እጀታ ለምን እንዳስቀመጠው አያውቅም፣ እጁ ግን ቦታውን ያውቃል። ልጁ ብረቱን ይዞ በሩን ሁሉ ሲፈልግ ቆይቶ ምን እንደሚያደርገው ጠየቀው። ጋሽ ግዛቸው ይህን እንደ ቀልድ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ግን ፊቱ ቀልድ አልነበረበትም።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ እትዬ ገበያነሽ ቤት ሄድኩና ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ጋሽ ግዛቸው ሊል የፈለገው ሌላ ሰው የሰማው ሌላ እንደሆነ፣ መኪናዋ አለመሸጧን ነገርኳቸው። እግራቸውን ትንሽ በርጩማ ላይ ዘርግተው አዳመጡኝ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነበር።

አለመሸጧን ያወቁት በሁለተኛው ቀን እንደሆነ ነገሩኝ። ሞኝ መስለውኝ እንደሆነም ጠየቁኝ።

«ታዲያ ለምን አይሳፈሩም?» አልኳቸው።

 «ሞተሩ ሌላ፣ ወንበሩ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ» አሉ። «እሷ የቀረችው የቱ ጋ ነው? እኔ ስሳፈር ቶለሳ የነካውን ነበር የምነካው። አሁን ምኑን ልንካ?»

ከዚያ አንድ ነገር አጫወቱኝ። ሃያ ሰባት ዓመታቸው ሳለ አንድ ሐሙስ ቀን በዚያች ላዳ ተሳፍረው ነበር፣ ነጂውን አያውቁትም። ሙቀት ሆኖባቸው መስኮቱ እንዲከፈት ቢጠይቁ ነጂው እጀታ አቀበላቸው፤ ያኔም አንድ ብቻ ነበር። ሲወርዱ ሳያስቡት ቦርሳቸው ውስጥ ከትተውት ገቡ። በማግስቱ ያ ወጣት ነጂ እያፈረ በራቸውን አንኳኳ። እጀታው ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለ ያውቁ ነበር። «ረስቼው የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ፣ ሐሙስ ና» አሉት። ሐሙስ መጣ፣ አልተገኘም። በሚቀጥለውም ሐሙስ። በአራተኛው ሐሙስ አባታቸው ይህ ልጅ ምን ጠፍቶበት ነው ብለው ጠየቁ። ያ ልጅ ጋሽ ቶለሳ ነበር፤ ከተጋቡ በኋላ ሌሎቹን ሦስት እጀታዎች አልገዛም ያለው ለዚህ ነው፤ ሞልቶልኝ ቢሆን ኖሮ አላገኝሽም ነበር ይላቸው ነበር።

ይህን ለጋሽ ግዛቸው እንዳልነግረው አስማሉኝ። እሱ ነገሩን ሁሉ ማስረጃ ማድረግ ስለሚወድ ነገ ላሚኔት አድርጎ ያመጣልኛል አሉ። ሳቅሁ፤ እሳቸውም ትንሽ ሳቁ። ያንን ሳቅ አግኝቼ ሳይቀዘቅዝ ባዶ እጄን እንዳይሸኙኝ ለመንኳቸው፣ ሐሙስ እኔም አብሬ እንደምሄድ ነገርኳቸው። «ላንቺ ስል አንድ ቀን እሳፈራለሁ» አሉ። «የማላውቀው ሰው መኪና ነው ብዬ ግን።»

ለጋሽ ግዛቸው አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት፤ ምንም እንዳይናገር። ስለ ሻንሲም፣ ስለ ሞተርም፣ ስለ ይቅርታም። ሐሙስ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ መጣ።  እትዬ ገበያነሽ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ድሮ በሚቀመጡበት ገቡ፤ እኔ አጠገባቸው። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። 

ሕክምናውን ጨርሰን ስንመለስ የቀጨኔን ዳገት ጀመርን። ድሮ እዚህ ላይ ጋሽ ግዛቸው ማርሽ ሲቀንስ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። አሁን ላዳዋ ዝም ብላ ወጣች። እትዬ ገበያነሽ በመስኮቱ አዩና «ዳገቱ አለቀ?» አሉ፤ እንደተታለለ ሰው ነበር ድምፃቸው። ጋሽ ግዛቸው በመስታወቱ አይቷቸው ሊናገር አፉን ከፈተ፣ እኔን አየኝ፣ ዘጋው።

ፀሐዩ በሳቸው በኩል ነበር። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላላ አደረጉና ለራሳቸው ያህል «ሙቀቱ» አሉ።

የጋሽ ግዛቸው ቀኝ እጅ ከመሪው ተነሳ። መሳቢያውን ከፈተ፣ እጀታውን አወጣ፣ ወደ ኋላ ተዘረጋ። አላሰበበትም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። እትዬ ገበያነሽ ያችን የዛገች ብረት አዩዋት።  ቀስ ብለው ተቀበሉት፤ አውራ ጣታቸውን ብረቱ በመዳፍ ብዛት ተልጎ ያለቀበት ቦታ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው የሚገጠምበትን ፈለጉ። አዲሱ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ጥርስ የለውም።

ያኔ ነው ጋሽ ግዛቸው የነቃው። ጆሮው ድረስ ቀላ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ መስኮቱ በራሱ ወረደ፤ ነፋሱ ገባ። «ይቅርታ እትዬ... ማለቴ... አሁን እንዲህ ነው የሚከፈተው» አለ። እትዬ ገበያነሽ እጀታውን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዘው ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጥተው እስከ ቤታቸው ሄዱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም ወደ ሌላው መስኮት ዞርኩ።

በራቸው ላይ ሲደርሱ በርጋታ ወረዱ። ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ እጀታውን ከተቱ፣ ዚፑን ዘጉ። ጋሽ ግዛቸው ይህን ሁሉ ያያል። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «እትዬ፣ እጀታው...» አላቸው።

«ውይ፣ ረስቼው» አሉ። ቦርሳውን ግን አልከፈቱም። «ሐሙስ መጥተህ ትወስዳለህ።»

በሩ ተዘጋ። ጋሽ ግዛቸው ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። ወይም አስነስቶት ይሆናል፤ አይሰማም። ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ፤ እንዲህ ግራ የገባው ሰው አይቼ አላውቅም።

«አሁን ይቅር አሉኝ ነው ወይስ እጀታዬን ወሰዱብኝ?» አለ።

«ሐሙስ ሂድ» አልኩት።

«የሚገጠምበት የለም እኮ። ምን ያደርግልኛል?»

«ሂድ በቃ።»

ሄደ። ይኸው ዛሬ ሰባተኛ ሐሙሱ ነው። ጣራው ገና አልተሠራም። ሊብሬው ላይ ያለውን ማኅተም አሁንም እያወጣ ያየዋል፤ መኪናዋ ያችው ትሁን ሌላ አልቆረጠለትም፣ ብሩም በትክክል ይዋል በከንቱ እየዞረ ይጠይቀኛል፤ እኔም እየዞርኩ አላውቅም እለዋለሁ። ዛሬ ጠዋትም በሱቄ በር ላይ አልፎ እጁን አነሳልኝ፤ እትዬ ገበያነሽ ከኋላ ተቀምጠው መስኮቱ ወርዶላቸዋል። እጀታው እስካሁን አልተገኘም።